ከዶሮዋ በፊት ክትባቱ፦ በፍኖተ ሰላም የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር ያለ አንድ ግቢ የዶሮ እርባታን ሁለት ጊዜ ጀምሯል። በመጀመሪያው ጊዜ የገቡት 20 ቄቦች ከመስከረም አጋማሽ በፊት አለቁ። በሁለተኛው ጊዜ የገቡት 16ቱ ግን አድገው እንቁላል ጣሉ፤ ለቤቱም የዘይትና የደብተር መግዣ ሆኑ። ግቢው ያው ነው፤ ባለቤቷም ያችው ናት፤ የዶሮዎቹ ዝርያም አልተለወጠም። የተለወጠው የሥራው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ዶሮ ተገዛ፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ይታሰብበታል ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ ዶሮዋ መጨረሻ ላይ መጣች።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በየአካባቢው የምሰማው አንድ አባባል ነው፦ «የፈረንጅ ዶሮ አየሩ አይስማማትም።» ብዙ እናቶች ያጠራቀሟትን ገንዘብ አውጥተው ቄብ ይገዛሉ፤ ዶሮዎቹ ያልቃሉ፤ አየሩ ይወቀስና ሥራው ይተዋል። ከእንስሳት ጤና ሥራ ጋር የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ የዚህን ግቢ ሁለት ጅምር በቅርብ ተከታትያለሁ። አየሩ ምንም አላጠፋም።

የባለቤቷን ስም እተወዋለሁ። ሰፈሩ «እታለም» ብሎ ይጠራታል፤ እኔም እንዲሁ እላታለሁ። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ጠላ ትጠምቃለች፤ ባለቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ በቆሎና ዳጉሳ ያርሳል። ቀድሞም ሦስት የሀበሻ ዶሮዎች ነበሯት። የሀበሻ ዶሮ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች፤ ለ21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ለሳምንታት ትዞራለች። በዚህ ምክንያት በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ይህ የዶሮዋ ጉድለት አይደለም፤ ራሷን የምትተካ እናት ስለሆነች ነው። ሆኖም እታለም የፈለገችው በየሳምንቱ ወደ ገበያ የሚወጣ እንቁላል ነበር፤ ለዚያም የተሻሻለ ዝርያ ይሻላል። የመረጠችው ሳሶ የሚባለውን፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆነውን ነው። ምርጫዋ ትክክል ነበር። ሳሶ እንደ እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ስስ አይደለችም፤ መሬት ጭራ መብላት ትችላለች፤ ወንዱም ለበዓል ጥሩ ዋጋ ያወጣል።

የመጀመሪያው ጅምር በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነበር። የ45 ቀን ቄቦች ከአንድ ነጋዴ ተገዙ። ነጋዴው «ሁሉንም ተከትበዋል» አለ፤ ምን፣ መቼ፣ ስንተኛ ጊዜ የሚል ጥያቄ አልቀረበለትም፤ ወረቀትም አልሰጠም። ቄቦቹ ሌሊት በማድ ቤቱ ጥግ፣ ቀን በግቢው ውስጥ ከሀበሻዎቹ ጋር ይውሉ ነበር። የክረምቱ ጭቃ ቢከብዳቸውም ነሐሴን በደህና አለፉ። ሁለት ብቻ ጭልፊት ወሰዳቸው።

ከዚያ ዘመን መለወጫ መጣ። ለዋዜማው ከገበያ አንድ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ተገዛና ማድ ቤቱ አጠገብ እግሩ ታስሮ አደረ። በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ጮኋል፤ ማንም ሰው በሽታ አላየበትም። መስከረም 1 ቀን ታረደ። ላባው፣ አንጀቱና ደሙ ከማድ ቤቱ በስተጀርባ፣ ቄቦቹ ሁልጊዜ የሚጭሩበት አፈር ላይ ተደፋ። ይህን የሚያደርገው የእታለም ቤት ብቻ አይደለም፤ በጎጃም ገጠርና ከተማ በየበዓሉ በሺህ የሚቆጠር ግቢ የሚያደርገው ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ቄብ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ተገኘች። በማግስቱ ሦስት ሞተው አደሩ። ሌሎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ያቃስቱ ነበር፤ ኩሳቸው ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ውኃ ሆነ። ይህ ፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ያልተከተበ የዶሮ መንጋ ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። ከተያዘች ዶሮ ላይ ምልክት ሳይታይ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ያነሰም፣ እስከ ሁለት ሳምንት የሚደርስም ጊዜ አለ። ያ ጤነኛ የሚመስል አውራ ዶሮ በገበያው ከየቀበሌው ከመጡ ዶሮዎች ጋር ሲተሻሽ የዋለ ነው። በሽታው ሳይታይበት ቢላ ቀደመው እንጂ ቢቆይ ኖሮ ራሱም ይታመም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥጋው ተበላ፤ ቫይረሱ ግን ከአንጀቱና ከላባው ጋር ለቄቦቹ ቀረበ።

የሰፈሩ ሰው ሊረዳ ሞከረ። ሎሚ ተጨመቀ፣ ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠ፣ አረቄ ጠብ ተደረገ፤ አንዱም የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ውኃ ውስጥ ጨመረ። አንዱም አልሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ለፈንግል መድኃኒት የለውም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም። የሞቱት ዶሮዎች ቦይ ውስጥ ተጣሉ፤ ውሻ እየጎተተ በየግቢው አዳረሳቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ የሀበሻ ዶሮዎችም ማለቅ ጀመሩ። ከእታለም ሦስት የሀበሻ ዶሮዎች ሁለቱ ሞቱ።

«አየሩ አይስማማትም» የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው እንግዲህ ይህ ነው። የሀበሻዋም ሞታለች። ልዩነቱ ሀበሻዋ ስትሞት አንዲት ዶሮ ሞተች መባሉ፣ 18 ቄብ ሲሞት ግን ዘርፉ ሁሉ አይሆንም መባሉ ነው። በየዓመቱ በክረምት መግቢያና በበዓላት ሰሞን ፈንግል ሲመጣ ሰው እንደ ውርጭና እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ አድርጎ ይቀበለዋል። ይህን መቀበል ነው እኔን የሚያስቆጣኝ፤ ምክንያቱም ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ለመቶ ዶሮ የሚበቃው አንድ ብልቃጥ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያንሳል።

ታዲያ ለምን አይከተቡም? እታለም ይህን ጥያቄ ይዛ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ስትሄድ ያገኘችው መልስ ለጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ሆነ። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው። አንዴ ከተከፈተና ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። ሃያ ዶሮ ያላት አንዲት ሴት ብልቃጡን ብትገዛ ሰማንያውን ጠብታ ትደፋለች። በዚያ ላይ የራሷን ብቻ ብትከትብም ያልተከተቡት የጎረቤት ዶሮዎች በአጥሩ ሥር እየሾለኩ በሽታውን ያመላልሳሉ። ስለዚህ የጓሮ ዶሮ ክትባት የአንድ ግቢ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ቡና የሚያጣጡ፣ ዕድር የሚጠጡ፣ ዶሮዎቻቸው የተቀላቀሉ ቤቶች ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጅምር ከዚህ ተነሣ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ግቢው አዲስ ዶሮ ሳይገባበት ቆየ። የማድ ቤቱ ጥግ ተጠርጎ ኖራ ተቀባ፤ አሮጌው ጉዝጓዝ ተቃጠለ፤ አፈሩም የጥቅምትንና የኅዳርን ፀሐይ ጠገበ። በዚሁ ኅዳር 2015 ዓ.ም. መንግሥት የሌማት ትሩፋት የተባለውን ዘመቻ ጀመረ፤ ስለ ዶሮና እንቁላል በየስብሰባው ይወራ ስለነበር እታለም ጎረቤቶቿን ለማሳመን ጊዜው ተመቻት። ዘጠኝ ቤቶች ተስማሙ። በመካከላቸው ሰባ የሚጠጋ የሀበሻ ዶሮ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ግን እንቢ አሉ። «እታለም፣ የእኔዎቹ በተፈጥሯቸው ኖረዋል። መርፌ ዶሮን ያመክናል ይባላል፤ አላስወጋም» አሏት። እርሷም «አያ፣ መርፌ የለውም። በዓይኗ አንዲት ጠብታ ብቻ ናት። ዛሬ ሁለቱን ብቻ ይያዙልኝና የቀሩትን ሲያዩ ይወስኑ» ብላ መለሰች። ሁለት ዶሮ ሰጧት። በሚቀጥለው ዙር ሁሉንም አመጡ።

አከታተቡን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የፈንግል ክትባት በውኃ፣ በዓይን ጠብታ ወይም በመርፌ ይሰጣል። ለተዘጋ መንጋ በውኃ መስጠት ይቻላል፦ ዶሮዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውኃ ይከለከላሉ፤ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱት መጠን ተለክቶ ይቀርባል። ውኃው ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ መሆን የለበትም፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ውኃ ይሻላል፤ በሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ ክትባቱን ይጠብቀዋል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ በሳሙናም በበረኪናም አይታጠብ። ቀን ሙሉ በየመንደሩ የሚዞር የሀበሻ ዶሮ ግን ውኃውን ከየትኛውም ኩሬ ይጠጣል፤ አንዷ ትጠጣለች፣ ሌላዋ አትጠጣም። ስለዚህ በዚህ ሰፈር የተመረጠው የዓይን ጠብታ ነው። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋም፣ ለገጠር ተብሎ የሚዘጋጅ የፈንግል ክትባት ስላለ እርሱ ተፈለገ። ያም ቢሆን በፔርሙዝ ውስጥ ከበረዶ ጋር ተይዞ፣ ፀሐይ ሳይነካው ነው የመጣው።

ሥራው የሚሠራው ጎሕ ሲቀድ ነው። ዶሮ ገና ከቆጥ ሳትወርድ ካልተያዘች ከነጋ በኋላ ማን ያባርራታል? ልጆቹ ያወርዳሉ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ ይይዛል፤ ሌላው አንዲት ጠብታ በዓይኗ ላይ ያኖራል፤ ዓይኗን እስክትጨፍን ይጠበቃል። ክንፏ ላይ የክር ምልክት ይደረጋል። ዘጠኙ ቤት ፀሐይ ሳትጠነክር ያልቃል። ዙሩም በኅዳር፣ በየካቲት፣ በግንቦትና በነሐሴ አጋማሽ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስት ወር የሚለው ልኬት ከክትባቱ ጉልበት ጋር ይስማማል፤ ደግሞም ዙሮቹ ከፋሲካ፣ ከክረምት መግቢያና ከዘመን መለወጫ ቀደም ብለው ይውላሉ። ክትባት ወስዳ ዶሮዋ አቅም ለማግኘት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚያስፈልጋት በበዓሉ ዋዜማ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

የሰፈሩ ዶሮዎች በኅዳር ከተከተቡ በኋላ ነው ቄቦቹ የታዘዙት። በዚህ ጊዜ እታለም ነጋዴውን የክትባት ወረቀት ጠየቀች፤ የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላው በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ በሽታ) ክትባት የተሰጠበት ቀን ተጽፎ ካልመጣ እንደማትቀበል ነገረችው። መጣላት።

ቤቱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፤ ከባሕር ዛፍ አጣና ተሠርቶ፣ ከወገብ በታች በጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ሲታሰብ ለ16 ዶሮ በቂ ነው። ቆጡ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲደርሳት ተደርጓል፤ አራት የእንቁላል መጣያ ሳጥን በጨለማው ጥግ ተቀመጠ። ጉዝጓዙ የጤፍ ጭድና ሰጋቱራ ነው። ሽልምጥማጥ በመሬት ፈልፍሎ እንዳይገባ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ተቀበረ። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለውም፤ ውድ ቤት አያስፈልግም።

ከዶሮ እርባታ ወጪ ትልቁን የሚወስደው መኖ ነው፤ ከመቶው 60 እስከ 70 ይደርሳል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች። 16ቱ በቀን ወደ 1.8 ኪሎ ግራም፣ በሁለት ወር ደግሞ አንድ ኩንታል ማለት ነው። የተዘጋጀ መኖ በኩንታል እየገዙ ማብላት ለዚህ ቤት አልሆነም። አካባቢው ግን በቆሎ አለው፤ ኑግ ከሚጨምቁ ቤቶችም ፋጉሎ ይገኛል። ለመቶ ኪሎ ግራም የተስማማነው ድብልቅ 50 ኪሎ ክክ በቆሎ፣ 28 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 13.5 ኪሎ ፉርሽካ፣ 8 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ግማሽ ኪሎ ጨው ነው። በቆሎ 9 በመቶ፣ ፋጉሎ 30 በመቶ፣ ፉርሽካ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው ብለን ብናሰላ ድብልቁ 15 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ለተዘጋች ዶሮ ትንሽ ያንሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ትልና ምስጥ ለምትለቅም ግን ይበቃል። የኖራ ድንጋዩ የሚገባው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ነው፤ ለቄብ ያን ያህል ኖራ ኩላሊቷን ይጎዳል። በቆሎ ሲመረጥ ሻጋታ ያለበት ለዶሮ ይሁን ተብሎ አይለይ። የሻጋታው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ዶሮ ደግሞ እንደ ሰው አትተፋውም።

የጠላ አተላም አለ። መጀመሪያ እታለም እርጥቡን ትሰጥ ነበር፤ ወዲያው እየቦካ ኩሳቸውን አቀጠነው። አሁን በጆንያ ላይ አስጥታ አድርቃ ትቀላቅላለች፤ ከበቆሎው ድርሻ ጥቂቱን ይተካላታል። ግብጦ የመከራት ጎረቤትም ነበረ፤ ግብጦ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ምሬቱ ካልወጣ ግን ዶሮ አትነካውም፤ ምሬቱን ለማውጣት ደግሞ ለቀናት በሚቀያየር ውኃ መዘፍዘፍ ይጠይቃል። ለእርሷ የውኃው ድካም አላዋጣም።

የጊዜ ስሌቱን ያመጣችው እርሷው ናት፤ እኔም ከእርሷ ተማርሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ የተገዛች የ45 ቀን ቄብ አምስት ወር የሚሞላት በመጋቢት አጋማሽ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ዋለ፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የጀመሩት የካቲት 13 ነበር። ዶሮዎቹ መጣል የጀመሩት በጾሙ መጨረሻ ሆነ፤ ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት ጥቂት ጣሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፋሲካ ደረሰ። በጾሙ የተጠራቀመውን እንቁላል ሳታጥብ በእህል ውስጥ ቀብራ በቀዝቃዛ ጓዳ አቆየችው፤ በሕማማት መጨረሻ ሸጠችው። ከፋሲካ በኋላ ከ16ቱ በቀን ከ9 እስከ 11 እንቁላል ይገኝ ጀመር። በቄብነት በነሐሴ ብትገዛቸው ኖሮ መጣል የሚጀምሩት በኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ይሆን ነበር።

ሁሉ ግን በሰላም አልሄደም። የተረፈችው የሀበሻ ዶሮ በግንቦት ታቅፋ አሥር ጫጩት ፈለፈለች፤ ጫጩቶቹም ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ቤት እንዲያድሩ ተደረገ። ሰኔ ሲገባ ጣራው አፈሰሰ፤ ጉዝጓዙ ራሰ። ጫጩቶቹ በአራተኛው ሳምንታቸው ደም የተቀላቀለበት ኩስ ማሳየት ጀመሩ፤ አራቱ ሞቱ። ይህ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ በእርጥብ ጉዝጓዝ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ትልልቆቹ ሳይታመሙ ይሸከሙታል፤ ጫጩቱን ይገድለዋል። አምፕሮሊየም በውኃ ተሰጥቶ ስድስቱ ተረፉ። ከፈንግል የሚለየው ይህ ነው፦ በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ጫጩት ለብቻው ያድራል፤ ጉዝጓዙም በየጥቂት ቀኑ ይገለበጣል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በነሐሴ ዙር ነው። በዚያ ወር በክልሉ ግጭት ተነሣ፤ መንገድ ተዘጋ፤ መብራት ይጠፋ ነበር። ክትባቱ በጊዜው አልደረሰም። ዘጠኙ ቤቶች ተነጋግረው ሁለት ነገር ወሰኑ። ክትባት እስኪመጣ ድረስ ማንም ከገበያ ዶሮ ወደ ግቢው አያስገባም፤ ለዘመን መለወጫ የሚታረደው ከራሳቸው ከተከተቡት መካከል ይሁን፤ ያላቸው ለሌላቸው በገበያ ዋጋ ይሽጡ። ሁለተኛው፣ የሚታረድ ሁሉ ላባውና አንጀቱ ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ይቀበራል። ክትባቱ ዘግይቶ ነበር የደረሰው። በዚያ መስከረም በሌሎች ሰፈሮች ፈንግል እንደገባ ተሰምቷል፤ በዘጠኙ ቤት ግን አንድም ዶሮ በፈንግል አልሞተም። ከዘጠኙ ቤት በስተምዕራብ ያሉት ሁለት ግቢዎች ግን ዛሬም አይከትቡም፤ ዶሮዎቻቸውም በአጥሩ ሥር ይመላለሳሉ። ይህ አልተፈታም። እታለም አጥሩን በሽቦ ከመዝጋት ይልቅ የእነርሱንም ድርሻ ከብልቃጡ በነፃ መስጠት ይሻላል ትላለች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ሰማንያ ተከትቦ የተረፈው ሃያ ጠብታ ከሚደፋ ለእነርሱ ቢውል ሁሉንም ይጠቅማል።

ዶሮዎቹ አሁን አርጅተዋል፤ እንቁላላቸው ቀንሷል። በአንድ ጊዜ ተሸጠው በአዲስ ይተኩ ወይስ ግማሹ ይቆይ የሚለው የቤቱ ክርክር ሆኗል። እታለም ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲወጡና ቤቱ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ባዶ እንዲያርፍ ወስናለች፤ ለአዲሶቹ ቄቦች ቀጠሮ የያዘችውም ከሚቀጥለው የኅዳር ዙር በኋላ ነው።